ለማስረሳት በጀት፣ ለማስታወስ በጎ ፈቃድ

እስኪ ጮክ ብላችሁ "ጫቅ" በሉ። ጎረቤት ቢሰማም ይስማ። ከወንበራችሁ ሳትነሱ በትሊንጊት ቋንቋ "ንስር" ብላችኋል። ቀጥሉና "ጣ" በሉ፤ ከሳልሞን ዓሣ ዘሮች ትልቁን ጠራችሁት። "ጻው" ካላችሁ ደግሞ ሸርጣን አዘዛችሁ ማለት ነው። ፈረንጅ ጓደኛ ያላችሁ እነዚህን ሦስት ቃላት እንዲላቸው ጠይቁት። ጠጃችንን "ቴጅ" ያለው ምላስ እዚህም ይደናቀፋል።

ትሊንጊቶች የሚኖሩት በአላስካ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ከኛ ጋር ዝምድና የላቸውም፤ የጋራ አያት ፍለጋ ማንም እንዳይደክም። ነገር ግን እነዚያ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱ ድምፆች፣ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ የነሱም የዕለት እንጀራ ናቸው። ኳ፣ ጓ፣ ቋም አላቸው። እንዲያውም ይብሳሉ፤ "ለ"ን እና "ኸ"ን ሳይቀር እንደ "ጠ" አፈንድተው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። በአንጻሩ እንደ በ፣ መ፣ ፐ ያሉ ከንፈር ገጥሞ የሚያወጣቸውን ድምፆች እምብዛም አያውቋቸውም። "እማማ" ለማለት ይቸገራሉ ማለት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዛሬ ጁኖ ወይም ሲትካ ከተማ ትምህርት ቤት የሚሄድ የትሊንጊት ልጅ፣ እናንተ አሁን በአንድ ትንፋሽ ያላችሁትን "ጫቅ" ለማለት ያምጣል። አፉን የፈታው በእንግሊዝኛ ነው። እናቱም እንደዚያው፣ አያቱም ብዙ ጊዜ እንደዚያው። የቅድመ አያቱ ምላስ ለሱ የባዕድ ምላስ ነው። ስለዚህ አንዲት አዛውንት ከበሯቸውን ይዘው ክፍል ይገባሉ፣ ልጆቹን ይሰበስባሉ፣ ጉሮሮ እንዴት ተዘግቶ እንዴት እንደሚለቀቅ ያሳያሉ። እንዲህ ከሚያስተምሩት መካከል ደመወዝ የማይከፈላቸው ብዙ ናቸው። በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

የዛሬ ጉዳያችን እኚህ ደመወዝ የሌላቸው አስተማሪ ናቸው። ልጁ ቋንቋውን እንዲረሳ የተደረገው በሕግ አንቀጽ፣ በመንግሥት በጀትና በደመወዝተኛ መምህር ነበር። እንዲያስታውስ የሚደረገው ታዲያ ለምን በጡረተኛ ትርፍ ሰዓት ሆነ? ይህን ለመጠየቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ መቀነሱን ለናንተ ትተናል።)

በእናት የሚቆጠር ሰው

"ትሊንጊት"፣ ወይም በራሳቸው አጠራር "ሊንጊት"፣ ማለት "ሰው" ማለት ነው። አገራቸው ዝናብ የማያባራበት የደሴቶችና የጥቅጥቅ ደን አገር ነው፤ ከፊሉ በዛሬዋ ካናዳ ውስጥ ይገኛል። በሳልሞን ይኖራሉ፣ ከዝግባ ግንድ ጀልባና ቤት ይሠራሉ፣ የዘራቸውን ምልክት በቋሚ ምሰሶ ላይ ይቀርጻሉ።

ማኅበረሰቡ በሁለት ጎን የተከፈለ ነው፤ ቁራ (ዬል) እና ንስር (ጫቅ)። በየጎኑ ብዙ ጎሳዎች አሉ። ልጅ የእናቱ ነው። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር በአባት ስም ሽቅብ እንደምንወጣው፣ እነሱ በእናት በኩል ይወጣሉ። ጋብቻ በደንቡ ከወዲያኛው ጎን ነው። ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚያነሳውና ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው ያው የወዲያኛው ጎን ነው። ሐዘንተኞቹ በኋላ "ኩኢኽ" የሚባል ትልቅ የመታሰቢያ ግብዣ ደግሰው ውለታውን በስጦታ ይመልሳሉ። ዕድርንና ተዝካርን አንድ ላይ ብታስቧቸው በመጠኑ ትጠጋላችሁ።

አንድ ሌላ ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን። በትሊንጊት ሕግ ዘፈን፣ ታሪክ፣ ስም፣ የራስ ቆብ፣ አንዳንዴም ተራራ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ግለሰብ ሳይሆን ጎሳ ነው። እንዲህ ያለው ንብረት "አትኡው" ይባላል። ብዙ ጊዜ ያ ዘፈን ወይም ያ ምልክት የተገኘው አንድ ቅድመ አያት ሕይወቱን ወይም ሀብቱን ከፍሎበት ነው ተብሎ ይታመናል። ሳይፈቀድለት የሌላውን ጎሳ ዘፈን የዘፈነ ሰው የሰው ከብት እንደነዳ ይቆጠራል። ፍላሽ ይዘን ሙዚቃ ቤት ሄደን "ሙላልኝ" ስንል ላደግን ልጆች ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን ይችላል።

25 ሺህ ዶላር

ሩሲያውያን የፀጉር ቆዳ ፍለጋ መጥተው በ1799 ሲትካ አጠገብ ምሽግ ሠሩ። ትሊንጊቶች በ1802 ምሽጉን አጠፉት። በ1804 ሩሲያውያኑ በጦር መርከብ ተመልሰው ተዋጉና ከተማቸውን ተከሉ። በ1867 ደግሞ ሩሲያ አላስካን በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ሸጠች። የርክክቡ ሥነ ሥርዓት የተካሄደው እዚያው ሲትካ ነው። የመሬቱን ባለቤቶች የጠየቀ አልነበረም።

አዲሱ ባለንብረት ራሱን ያስተዋወቀው በመድፍ ነው። በ1869 የኬክና የራንግል መንደሮች ተደበደቡ። በጥቅምት 1882 ተራው የአንጉን ሆነ። አንድ የመንደሩ ሽማግሌ በዓሣ ነባሪ አዳኝ ኩባንያ ጀልባ ላይ በአደጋ ሞቱ። የመንደሩ ሰዎች በወጋቸው መሠረት 200 ብርድ ልብስ ካሣ ጠየቁ። የባሕር ኃይሉ አዛዥ መልሶ እነሱኑ 400 ብርድ ልብስ እንዲከፍሉ አዘዘ። ሳይሟላ ሲቀር መርከቦቹ መንደሩን ደበደቡ፣ ቤቶችና የክረምት ስንቅ ተቃጠሉ፣ ጀልባዎች ተሰባበሩ። ስድስት ሕፃናት ሞቱ። ከዚያ የመጣው ክረምት ስንት ሰው እንደወሰደ መገመት ለናንተ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ለአላስካ የመጀመሪያውን የአስተዳደር ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ ውስጥ "ዘር ሳይለይ" ለልጆች ትምህርት 25 ሺህ ዶላር ተመደበ። በ1885 ገንዘቡን የሚያስተዳድር የትምህርት ሹም ተሾመ፤ ሼልደን ጃክሰን የተባለ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ። በሲትካ ከ1878 ጀምሮ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር፤ ኋላ በሱ ስም ተጠራ። መመሪያው አጭር ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ። በዚህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ያለፉ አዛውንት በትሊንጊት በመናገራቸው እንደተገረፉ፣ አፋቸው በሳሙና እንደታጠበ ኋላ መስክረዋል።

ምፀቱ እዚህ ላይ ነው። ይኸው ሼልደን ጃክሰን የአገሬውን ዕቃ አጥብቆ ሰብሳቢ ነበር። ጭምብሉን፣ ቅርጫቱን፣ ከበሮውን ሰብስቦ በሲትካ ሙዚየም አቋቋመ፤ እስካሁን አለ፣ በአላስካ ከሁሉም አንጋፋው ነው። ከበሮው በመስታወት ሣጥን ውስጥ በክብር ተቀመጠ። የከበሮው ባለቤት ልጅ ግን እዚያው አጠገብ በሚገኘው ክፍል የከበሮውን ስም በቋንቋው ቢጠራ ይቀጣል።

አምስት ነጭ ምስክር

ትምህርት ቤቱ የሚለውን የሰማ ልጅስ ምን አገኘ? በ1905 የወጣ ሕግ በአላስካ የከተማ ትምህርት ቤቶችን ለነጭ ልጆችና "የሠለጠነ ኑሮ" ለሚኖሩ ክልስ ልጆች ሰጠ። ሩዶልፍ ዋልተን የሚባል የሲትካ ሰው ነበር፤ ራሱ የሚሲዮኑ ተማሪ የነበረ፣ ብር ሠሪ፣ ባለ ሱቅ፣ ግብር ከፋይ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ። ክልስ የሆኑትን የእንጀራ ልጆቹን ነጮች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሊያስገባ ጠየቀ፤ ተከለከለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ውሳኔው በ1908 ተሰጠ። ዳኛው የቤተሰቡን ኑሮ መረመረ፤ ከማን ጋር እንደሚውሉ፣ ከማን ጋር እንደሚበሉ። ሱቁም እንግሊዝኛውም አልበቃም። ልጆቹ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ስለሚውሉ "አልሠለጠኑም" ተባለ።

በ1915 ደግሞ የግዛቱ ምክር ቤት የአላስካ ተወላጅ ዜጋ የሚሆንበትን መንገድ በሕግ ደነገገ። አመልካቹ የቀድሞ ልማዱን መተው አለበት፤ መተዉንም አምስት ነጮች መመስከር አለባቸው፤ የአካባቢው ትምህርት ቤት መምህራንም ሊፈትኑት ይገባል። አስቡት፤ በገዛ አገሩ ሰው ለመባል አምስት ምስክርና ፈተና። መምህር የሚለው ቃል ለትሊንጊት ቤተሰብ ምን ማለት እንደነበር ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

ሰዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1912 ሲትካ ውስጥ የአላስካ ተወላጆች ወንድማማች ማኅበር ተመሠረተ፤ ጥቂት ቆይቶ የእኅትማማቾቹ ተከተለ። የሚገርመው ማኅበሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግሊዝኛን የሚያበረታታ፣ የድሮውን ልማድ ተዉ የሚል ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው። ዜግነትና ትምህርት የሚገኘው በዚያ በር ከሆነ፣ በዚያው እንግባ ነው። ገቡም። የትሊንጊቱ ጠበቃ ዊሊያም ፖል በ1929 በኬቺካን ከተማ ከትምህርት ቤት የተመለሰችን ተማሪ ጉዳይ ይዞ ረታ። በ1945 የእኅትማማቾቹ ማኅበር መሪ ኤልሳቤጥ ፔራትሮቪች ጁኖ ላይ በምክር ቤቱ ፊት ቆማ መድልዎን ለሚከለክለው ሕግ ተሟገተች፤ ሕጉ 11 ለ5 አለፈ፣ የካቲት 16 ቀን (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ) ተፈረመ። በሩ ተከፈተ። ነገር ግን በዚያ በር ለማለፍ ሁለት ትውልድ ቋንቋውን ደጅ ላይ ትቶ ነበር። ወላጆች በልጆቻቸው ፊት በትሊንጊት መነጋገር አቆሙ፤ ጠልተውት ሳይሆን፣ እነሱ የቀመሱት አለንጋ ልጆቻቸው ላይ እንዳያርፍ።

የተከፈተ ሣጥን

ለትሊንጊት ልጆች በብዛት ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ እንዲህ ነው። ዓለም ጨለማ በነበረበት ዘመን አንድ ባለጠጋ ሽማግሌ ከዋክብትን፣ ጨረቃንና የቀን ብርሃንን በሣጥን ቆልፎ ያኖር ነበር። ቁራ የዛፍ ቅጠል መርፌ ሆኖ የሽማግሌው ልጅ በምትጠጣው ውኃ ውስጥ ገባ፤ ዋጠችው፤ አረገዘች፤ ቁራም የልጅ ልጅ ሆኖ ተወለደ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ሣጥኑን አምጡልኝ ብሎ አለቀሰ። አያት የልጅ ልጅ ልቅሶ አይችልም፤ አንዱን ሣጥን ሰጠው፣ ከዚያ ሌላውን። በመጨረሻ የቀን ብርሃን ያለበት ሣጥን ተከፈተና ዓለም በራ።

በ1970ዎቹና 80ዎቹ የሆነው ነገር ከዚህ ተረት ብዙ አይርቅም። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁ የልጅ ልጆች ይጠይቁ ጀመር። ሲትካ ውስጥ ቻርሊ ጆሴፍ የተባሉ አዛውንት፣ በቋንቋቸው ስማቸው ቃልአትቅ፣ ልጆችን ሰብስበው ዘፈንና ውዝዋዜ አስተማሩ። ቅድም ያዙልን ያልነውን አትርሱ፤ ዘፈን ባለቤት አለው። የአንድን ጎሳ ዘፈን የተለያየ ጎሳ ልጆች በተቀመጡበት ማስተማር ትልቅ ውሳኔ ነው። ሕጉን አጥብቆ ይዞ ዘፈኑን ከባለቤቶቹ ጋር መቅበር ይቻል ነበር። በ1980 በሲትካ በተደረገ የአዛውንት ጉባኤ ላይ የአንጉኑ ጆርጅ ዴቪስ አያቶች ያስቀመጡትን የጥበብ ዕቃ ሣጥን እንደገና ስለመክፈት ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሲአላስካ የቅርስ ተቋም ተቋቋመ። ከ1982 ጀምሮ ጁኖ ላይ በየሁለት ዓመቱ "ሴሌብሬሽን" የሚባል የዘፈንና የውዝዋዜ ጉባኤ ይደረጋል።

በዚሁ ጊዜ ኖራ ማርክስ ዳወንሃወር ከባለቤቷ ከሪቻርድ ጋር ሆና ቴፕ ይዛ አዛውንት ቤት ትዞር ነበር። ኖራ እስከ ስምንት ዓመቷ እንግሊዝኛ የማታውቅ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። ባልና ሚስቱ የቀረጹትን ንግግርና ታሪክ ቃል በቃል ጽፈው፣ ተርጉመው፣ በትልልቅ መጻሕፍት አሳተሙ። ዛሬ በክፍል ውስጥ የሚቆም በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ብዙ ጊዜ ከነዚህ መጻሕፍት ይቀዳል። በ2000 ደግሞ ጁኖ ሃርቦርቪው በተባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትሊንጊት ቋንቋንና ባህልን ከመደበኛው ትምህርት ጋር ያጣመረ ፕሮግራም ተጀመረ። አያቶች በዋናው በር ገቡ።

አርባ ደቂቃ

ይዘው የሚገቡት ምንድነው? ላዩን ሲያዩት ከበሮ፣ ደረቅ ዓሣ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተጣበቀ የሄሪንግ ዓሣ ዕንቁላል፣ ከተራራ ፍየል ፀጉርና ከዝግባ ልጥ የተሠራ ጥልፍልፍ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ይነካካሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

ዋናው ትምህርት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ልጁ ራሱን ማስተዋወቅ ይማራል። ስሜ እገሌ ነው ብሎ ማቆም የለም። የቁራ ወገን ነኝ ወይስ የንስር? ጎሳዬ የቱ ነው? የአባቴ ሰዎች እነማን ናቸው? አያቶቼስ? አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ለመመለስ ማታ ቤቱ ገብቶ መጠየቅ አለበት። እናቱ ካላወቀች ለአያቱ ስልክ ትደውላለች። በአንድ የቤት ሥራ ሦስት ትውልድ ይነጋገራል። የጥንቱ መምህር ልጁን ከቤቱ የሚነጥል ነበር፤ ይህኛው ጥያቄ አስይዞ ወደ ቤቱ ይልከዋል።

ቀጥሎ ፈቃድ ይማራል። ዘፈን ከመጀመሩ በፊት አስተማሪዋ የማን ዘፈን እንደሆነ፣ ማን እንደፈቀደ ይናገራሉ፤ ከዚያ "ጉናልቺሽ" ይላሉ፤ አመሰግናለሁ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ጠቅታ በሚገኝበት ዘመን ላደገ ልጅ "ይህ የኔ አይደለም፣ ተፈቅዶልኝ ነው የምዘፍነው" ማለትን የመሰለ ትምህርት የለም። ክፍሉ ውስጥ የፊሊፒንስ ዝርያ ያላቸው ልጆች አሉ፣ ነጮች አሉ። እነሱም ይማሩታል። አንዳንድ ታሪክ ደግሞ በክፍል ውስጥ ጨርሶ አይነገርም፤ አስተማሪዋ ያውቁታል፣ ግን የሳቸው ጎሳ አይደለም። "ይህን ሌላ ሰው ይንገራችሁ" ብሎ ዝም ማለትም የትምህርቱ አካል ነው።

ሦስተኛው ምግብን አለመናቅ ነው። የሻገተ ሳልሞን ተሰጥቶት ንቆ ስለወረወረ የሳልሞን ሕዝብ ወደ ባሕር የወሰደው ልጅ ታሪክ ይነገራል። መሬት የወደቀ እንጀራ አንስተን እንድንስም የተነገረን ልጆች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አንፈልግም።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን አርባ ደቂቃ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ደወሉ ይደወላል፣ ልጆቹ ወደ ሒሳብ ይሄዳሉ፣ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ነው፣ ምሳ በእንግሊዝኛ ነው፣ ካርቱን በእንግሊዝኛ ነው። ሰላምታ፣ ቀለማት፣ የእንስሳት ስምና ሁለት ዘፈን ይዞ የሚመረቅ ልጅ ቋንቋ ተናገረ አይባልም። ትሊንጊትን አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ዛሬ ከመቶ በታች ነው፤ አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ ናቸው። አንድ አዛውንት ባረፉ ቁጥር አንድ አስተማሪ ብቻ አይደለም የሚጎድለው፤ ያ አስተማሪ በቋንቋው የሚያወራው ሰውም ይጎድላል።

ሒሳቡ ሲሠራ

ይህ ጽሑፍ የሚቆመው እዚህ ነው። በአሜሪካ ምድር ቋንቋን ማስረሳት ከባድ ሥራ ነበር። ሕንፃ ጠይቋል፣ ማደሪያ ጠይቋል፣ ደመወዝተኛ መምህር፣ ሹም፣ ዳኛ ጠይቋል። ማንም "በጎ ፈቃደኛ ከተገኘ እንሠራዋለን" አላለም። ከ1885 በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሥራው በየቀኑ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተሠርቷል።

መልሱ ሲመጣ ግን በቃላት ነው የጀመረው። በ1990 የአሜሪካ ምክር ቤት የአገሬው ቋንቋዎች እንዲጠበቁ ሕግ አወጣ። በ2014 አላስካ ትሊንጊትን ጨምሮ 20 የተወላጆች ቋንቋዎችን ከእንግሊዝኛ ጎን ኦፊሴላዊ አደረገች። የአላስካ ደንብም የቋንቋና የባህል ዐዋቂ ዲግሪ ባይኖረው እንኳ የተወሰነ የማስተማር ፈቃድ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍቷል። ጥሩ እርምጃዎች ናቸው። ይቅርታም መጣ። የአንጉን ሰዎች በየዓመቱ መንደራቸው የተደበደበበትን ቀን ሲያስቡ፣ ከባሕር ኃይል ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው አለ ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቁ ነበር። በ2024 ኦክቶበር 26፣ ከ142 ዓመት በኋላ፣ አዎ የሚል መጣ። በዋዜማው ፕሬዚዳንት ባይደን ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀው ነበር።

ይቅርታውን አናቃልልም። ሦስት ጊዜ ጠርተው 142 ዓመት መልስ ያጡ ሰዎች ስሜት ምን እንደነበር ከሩቅ ሆነን አንመዝንም። የኛ ጥያቄ ከይቅርታው ማግስት ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚቆመው ማነው የሚል ነው። ሙሉ ቀን በትሊንጊት የሚያስተምር ሠላሳ ሰው ቢገኝ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። ሠላሳ ሰው ለማፍራት ደግሞ ወጣቶችን ለዓመታት ከአዛውንት ጋር ማስቀመጥ፣ በዚያ ጊዜም ኪራያቸውን መክፈል ያስፈልጋል። ወጣቱ ሌላ ሥራ እየሠራ ማታ ማታ የሚማረው ቋንቋ ከሞት ጋር ሩጫ አይቀድምም። በጎ ፈቃደኛዋ አያት ክብር ይገባቸዋል፤ በጎ ፈቃዳቸው ግን የመንግሥትን ዕዳ መሸፈኛ መሆን የለበትም።

ወደ ቤት ስንመለስ

በአማርኛ የምንጽፍና የምናነብ ሰዎች ይህን ታሪክ ስናነብ ሁለት ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው።

በአንዱ ወንበር የትሊንጊቱን ልጅ እንመስላለን። በዚህ ከተማ ግቢው ውስጥ አማርኛ በመናገሩ የተቀጣ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ከአንባቢዎቻችን መካከል አይጠፋም። በዋሽንግተን ወይም በለንደን በእሁድ ከሰዓት ለኢትዮጵያውያን ልጆች ሀ ሁ የሚያስቆጥሩ በጎ ፈቃደኛ እኅቶችና ወንድሞችም አሉን። እነሱም አርባ ደቂቃቸውን ያውቁታል። ልዩነቱ ትልቅ ነው ግን። የለንደኑ ልጅ አማርኛውን ቢረሳ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሲመጣ ታክሲ ረዳቱ ያስታውሰዋል። ትሊንጊቱን ልጅ የሚጠብቅ ሌላ አገር የለም።

በሁለተኛው ወንበር ግን የመምህሩ ጎን ነን። የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ (በኛ 1986) በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን እስኪፈቅድ ድረስ፣ የአገራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው በአማርኛ ነበር። አፉን በሌላ ቋንቋ ፈትቶ አማርኛ በማይሰማበት ክፍል ቁጭ ብሎ የተሳቀበት ልጅ ዛሬ አባት ሆኗል፤ ጠይቁት፣ ይነግራችኋል። በወይጦ ወንዝ ዳር የኦንጎታ ቋንቋ በጣት በሚቆጠሩ አዛውንት አፍ ላይ ቀርቷል። እዚያ ቋንቋውን የበላው የጎረቤት ቋንቋ ነው እንጂ አማርኛ አይደለም፤ ቢሆንም ለማዳን የተመደበ መምህር ጉዳይ የሁላችንም ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እናዋጣ። አያት ያላችሁ ሰዎች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስልካችሁን ቀረጻ ላይ አድርጋችሁ ጎናቸው ተቀመጡ። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን። እነማን እንደሆናችሁ፣ ማን ማንን እንደወለደ፣ የትኛው ዘፈን የማን እንደሆነ ጠይቁ። ይህ የኛ ድርሻ ነው፤ በነፃ ይሠራል። የቀረውን፣ ማለትም ክፍሉን፣ መጽሐፉንና የመምህሩን ደመወዝ፣ በጎ ፈቃደኛ እስኪገኝ የሚጠብቅ ባለሥልጣን ካጋጠማችሁ ግን የ1884ቱን 25 ሺህ ዶላር አንሱለት። ያኔ በጀት ለምን እንደተገኘ ያስረዳን።